ከስሙ በፊት ሕጉን፦ የቆዩ የመራጮች መዛግብትና የቤተሰብ ታሪክ

በአገራችን የዘር ሐረግ መቁጠር የሽማግሌዎች ዕውቀት ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ርስት በነበረበት ዘመን ደግሞ የአቅኚውን አባት ስም ጠርቶ ትውልዱን እስከ ራሱ ማውረድ ያልቻለ ሰው የመሬት ክርክር አይረታም ነበር። ይህ በቃል የተያዘ ዕውቀት ማን ከማን እንደተወለደ አጥርቶ ይናገራል። ሰውየው የት ይኖር ነበር፣ በየትኛው ዓመት ከዚያ ተነሣ፣ በምን ሥራ ይተዳደር ነበር ቢባል ግን ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝለትም። ዛሬ የምንነጋገርበት ምንጭ ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለ ዘር ሐረግ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መንደርና በየትኛው ጎዳና ይኖር እንደነበር ግን በመንግሥት ሹም እጅ ተጽፎ፣ በየጊዜው እየታደሰ ይገኝበታል። እሱም የመራጮች መዝገብ ነው።

መዝገቡ የተዘጋጀው ለአንድ ምርጫ ነው። ድምፅ ተቆጥሮ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ሥራውን የጨረሰ ወረቀት ይመስላል። ከሃምሳ ወይም ከመቶ ዓመት በኋላ የአያቱን ዱካ የሚፈልግ ሰው ሲከፍተው ግን ሌላ አገልግሎት ይጀምራል። በዛሬው ንግግር ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የመራጮች መዝገብ በትክክል የሚነበበው በዚያ ዓመትና በዚያ አገር ማን እንዲመርጥ፣ ማን ደግሞ እንዳይመርጥ የወሰነውን ሕግ አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ሕጉን ያላወቀ ሰው ስሙን ቢያገኝ እንኳ የሚያነበው ግማሹን ነው፤ ስሙን ቢያጣ ደግሞ “አያቴ እዚያ አልነበረም” ብሎ ይሳሳታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ከአውስትራሊያ እንጀምር። በብዙ አገር የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ነው። ቆጠራ ቤቱን በሙሉ ይዘረዝራል፤ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ዕድሜያቸውና የተወለዱበት ቦታ ሳይቀር ይጻፋል። አውስትራሊያ ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቧን በቆጠረች ቁጥር አኃዙን ከቅጹ ላይ ከወሰደች በኋላ ስም ያለበትን ቅጽ ታጠፋ ነበር። የፈቃደኞች ቅጽ ለ99 ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ የተደረገው ከ2001 ቆጠራ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በ1920ዎቹ ወይም በ1950ዎቹ በአንድ የሜልበርን ሰፈር ማን እንደኖረ ለማወቅ ቆጠራው አይረዳም፤ ክፍተቱን የሚሞላው የመራጮች መዝገብ ነው። አገሪቱ በ1911 መመዝገብን፣ በ1924 ደግሞ ድምፅ መስጠትን ግዴታ ስላደረገች፣ መዝገቡ ሕጉ የፈቀደለትን አዋቂ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ይዟል። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራና ጾታም ይገኝበታል።

እንዲህ ያለው መዝገብ ዋጋው የሚታወቀው በተከታታይ ሲነበብ ነው። አንድ ዓመት ብቻ አይቶ የሚዘጋው ሰው የሚያገኘው ስምና አድራሻ ነው። ደጋግሞ የሚከፍተው ግን እንቅስቃሴ ያያል። በአንደኛው መዝገብ በገጠር ከተማ የቀን ሠራተኛ የተባለው ሰው በቀጣዩ በትልቅ ከተማ የትራም ነጂ ሆኖ ቢገኝ፣ ቤተሰቡ ከገጠር የተነሣበት ጊዜ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ታጥሯል ማለት ነው። እስከ 1973 ድረስ የመራጭነት ዕድሜ 21 ስለነበረ፣ በዚያው አድራሻ አዲስ ስም ብቅ ሲል ሰውየው ቢያንስ 21 ዓመት ሞልቶታል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን በየትኞቹ ዓመታት መፈለግ እንዳለብን ከዚህ እናውቃለን። ባልና ሚስት አብረው ሲመዘገቡ ቆይተው አንድ ዓመት ላይ ሚስቲቱ ብቻዋን ከቀረች፣ በዚያ መካከል የሞት መዝገብ መፈተሽ ይገባል። ሞቷል ለማለት ግን ገና ነው፤ ተለያይተውም፣ ለሥራ ርቆ ሄዶም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ሥራ በሚጻፍበት ዓምድ ከሴቶቹ ስም ፊት በብዛት የሚገኘው “የቤት ሥራ” የሚል ቃል ነው። ላም የምታልበውም፣ የባሏን ሱቅ የምትጠብቀውም፣ ለሰው ልብስ የምትሰፋውም በዚያ ቃል ሥር ተጠቃልላለች። የቤተሰብ ታሪክ ጸሐፊው ይህን ቃል ወስዶ “አያቴ ሥራ አልነበራትም” ብሎ ከጻፈ፣ የመዝጋቢውን ልማድ የሴትየዋ ሕይወት አድርጎ አስቀመጠው ማለት ነው። በአንጻሩ “ነርስ” ወይም “መምህርት” የሚል ቃል ከተገኘ፣ ከልማዱ ወጥቶ የተጻፈ ነውና የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ሰነድ ለመፈለግ በቂ ምክንያት ይሆናል።

ሕጉን አጠገቡ አስቀምጡ ያልኩት ከሁሉ በላይ ለሚቀጥለው ጉዳይ ነው። በ1902 የወጣው የአውስትራሊያ የመራጭነት ሕግ ለሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የሰጠ ነው፤ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ያው ሕግ ግን አቦርጂናል የሚባሉትን የአውስትራሊያ ነባር ተወላጆች፣ እንዲሁም የእስያን፣ የአፍሪካንና ከኒውዚላንድ በስተቀር የፓስፊክ ደሴቶችን ተወላጆች ከመዝገቡ አስወጣ። ቀድሞ በየግዛቱ መብቱን ያገኙ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ ከዚህ የሚተርፉት። እንግዲህ በ1910 ፐርዝ ውስጥ ይኖር የነበረ የአህጉራችን ተወላጅ ከመዝገቡ ስሙ ቢታጣ ምን ያስገርማል? አቦርጂናሎች ደግሞ በውትድርና ያገለገሉት በ1949፣ ሌሎቹ በ1962 ነው የመመዝገብ መብት ያገኙት፤ እንደ ሌላው ዜጋ ግዴታ የሆነባቸው በ1984 ነው። የአንዲት አቦርጂናል አያት ስም እስከ 1960ዎቹ ድረስ በመዝገቡ ባይገኝ፣ ቤተሰቧ መዝገቡ ውስጥ ካሉት ሰፋሪዎች ሁሉ በፊት በዚያ ምድር ላይ ነበር። የእነዚያ ቤተሰቦች ታሪክ የሚገኘው በሚስዮን ጣቢያዎችና “የጥበቃ ቦርድ” እየተባሉ አቦርጂናሎችን ይቆጣጠሩ በነበሩት መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ውስጥ ነው፤ ወደዚያ እንድንሄድ የሚነግረን ደግሞ የ1902ቱ ሕግ ነው።

መዝገብና ሕግ ምን ያህል የተሳሰሩ መሆናቸው ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ነው። የአፍሪካ-አሜሪካውያንን የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ከ1870 ወደ ኋላ መሄድ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃሉ። በ1850 እና በ1860 በተካሄዱት ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች የተመዘገቡት ለብቻው በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነበር። በስሙ የሚጻፈው ባለቤቱ ነው፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ይደረደራል። ከጥቂት ቦታዎች በቀር የሰዎቹ ስም የለም። የጥቁሮችን ሁሉ ስም የመዘገበው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የ1870ው ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ጨለማ በመጠኑ የሚገፉት የ1867 የመራጮች መዛግብት ናቸው።

የደቡብ ግዛቶች በማመፃቸው የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አበቃ። በማርች 1867 ኮንግረሱ ባወጣቸው ሕጎች፣ ካመፁት ግዛቶች ቴነሲ ሲቀር አሥሩ በአምስት ወታደራዊ ቀጠናዎች ተከፈሉ፤ ዕድሜያቸው 21 የሞላ ወንዶችም በቆዳ ቀለም ሳይለዩ እንዲመዘገቡ ታዘዘ። ከ700 ሺህ በላይ ጥቁር ወንዶች ተመዘገቡ። ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከከብትና ከዕቃ ጋር በንብረትነት የተቆጠሩ ነበሩ። አሁን በመዝጋቢው ፊት ቆመው ስማቸውን ከነቤተሰብ መጠሪያቸው ተናገሩ፤ መሐላም ፈጸሙ። ለብዙዎቹ መንግሥት ሙሉ ስማቸውን የጻፈበት የመጀመሪያው ሰነድ ይህ ነው። ከቆጠራው በሦስት ዓመት ይቀድማል፤ በ1868 የሞተ ወይም ከአካባቢው የተነሣ ሰው በ1870ው ቆጠራ በዚያ ቦታ አይገኝም፣ እዚህ ግን አለ። በአላባማ፣ በጆርጂያና በቴክሳስ የተዘጋጁት መዝገቦች ዛሬም ለምርምር ክፍት ናቸው።

በተለይ የቴክሳሱ መዝገብ ዓምዶች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የተመዘገበበት ቀን፣ ስሙ፣ መኖሪያው፣ በግዛቱና በወረዳው ስንት ዓመት እንደኖረ፣ የትውልድ ግዛቱ ወይም አገሩ ተጽፏል። አንድ ነጻ የወጣ ሰው “ቴክሳስ 4 ዓመት፤ ትውልድ ቨርጂኒያ” ተብሎ ተጽፎ ብናገኝ እንበል። አራቱን ዓመት ከ1867 ብንቀንስ 1863 እንደርሳለን። በዚያ ጊዜ በሉዊዚያናና በአርካንሳስ ይኖሩ የነበሩ የባሪያ ባለቤቶች የሰሜኑ ጦር ሲቃረብ በባርነት የያዟቸውን ሰዎች እየነዱ ወደ ቴክሳስ ያሸሹ ነበር፤ ጦሩ ደርሶ ነጻ እንዳያወጣባቸው። የሰውየው ትውልድ ቨርጂኒያ መሆኑ ደግሞ ሌላ ቀደም ያለ መፈናቀልን ያስጠረጥራል፤ ከቨርጂኒያ ወደ ደቡብ ምዕራብ የጥጥ እርሻዎች በሽያጭ የተነዱ ሰዎች እጅግ ብዙ ነበሩና። በአንድ መስመር ላይ ሁለት የግዳጅ ጉዞ ይታያል ማለት ነው። አጥኚው እንግዲህ የ1860ውን የባለቤቶች ሰንጠረዥ የሚፈልገው በቴክሳስ ሳይሆን በሉዊዚያና ወይም በአርካንሳስ ይሆናል። ይህ ገና ግምት ነው፤ በሌላ ሰነድ መደገፍ አለበት። ነገር ግን ከመዝገቡ በፊት ግምት የሚጀመርበት ቦታ እንኳ አልነበረም።

የቤተሰቡ እናት ስም ግን በመዝገቡ የለም፤ ሕጉ ወንዶችን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለ እሷ ለማወቅ ነጻ የወጡትን ለመርዳት ወደ ተቋቋመው ቢሮ የሥራ ውልና የጋብቻ ሰነዶች፣ እንዲሁም እስከ 1874 ወደ ሠራው የነጻ ወጪዎች ቁጠባ ባንክ መዝገብ መሄድ ያስፈልጋል። የባንኩ መዝገብ ብዙ ጊዜ የእናትና የአባት፣ የወንድምና የእህት ስም ይዟልና። ከዚያም በኋላ መዝገቡ እንደገና ዝም የሚልበት ዘመን ይመጣል። ሚሲሲፒ በ1890፣ ሉዊዚያና በ1898 ባጸደቁት ሕገ መንግሥት ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያስወጣ የንባብ ፈተና፣ የምርጫ ግብርና የመሳሰለውን መሰናክል አቆሙ። በሉዊዚያና በ1896 ከ130 ሺህ በላይ የነበሩት ጥቁር መራጮች በ1904 ወደ 1,300 ገደማ ወረዱ። ይህን ያላወቀ ሰው ቅድመ አያቱ በ1896 ተገኝቶ በ1904 ሲጠፋበት “ሞቷል ወይም ተሰዷል” ይላል። ሰውየው ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው እርሻ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የ1900 እና የ1910 ቆጠራ ይህን ለማረጋገጥ ይረዳል። ስሙን ያጠፋው ሕግ ነው።

ስለ ብሪታንያ ባጭሩ። እዚያ የመራጮች ምዝገባ በሕግ የተጀመረው በ1832 ሲሆን መጀመሪያ የነበሩት ንብረት ያላቸው ወንዶች ብቻ ናቸው። በ1918 ወንዶች በ21 ዓመታቸው፣ ሴቶች ደግሞ በ30 ዓመታቸው፣ ያውም ራሳቸው ወይም ባላቸው የንብረት መስፈርቱን ካሟሉ እንዲመርጡ ተፈቀደ፤ በ1928 ሁለቱ እኩል ሆኑ። ስለዚህ አንዲት ሴት በ1918 መዝገብ የፓርላማ መራጭ ሆና ከተገኘች ቢያንስ 30 ዓመት ሞልቷታል። በ1929 ብቻ ብቅ ካለች ግን ወጣት ነበረች ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር የ40 ዓመት ሴት ልትሆን ትችላለች። በዚያው በ1918 በጦር ሜዳ ላሉ ወንዶች የተለየ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ነበር። ከቤት አድራሻቸው ጎን ክፍለ ጦራቸውና የወታደርነት ቁጥራቸው ይጻፋል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተራ ወታደሮች የግል ማኅደር አብዛኛው በ1940 በጀርመን የአየር ድብደባ በእሳት ስለወደመ፣ ዝርዝሩ ለብዙ ቤተሰብ ወታደሩንና ቤቱን የሚያገናኝ ብርቅ ማስረጃ ሆኗል። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 ተቃጥሏል፤ በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም። ከ1921 እስከ 1951 ያለውን ክፍተት በከፊል የሚሞሉት የመራጮች መዛግብት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከ1940 እስከ 1944 አልተዘጋጁም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ዝምድናን የማይናገር፣ ሕፃናትን የማይቆጥር ሰነድ ለዘር ሐረግ ምን ይፈይዳል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሆኖም ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን የሚያረጋግጡት ወረቀቶች የሚገኙት ቦታውና ዓመቱ ሲታወቅ ነው። ስሙ የተለመደ የሆነ ሰው ሞክሼዎቹ በአንድ ከተማ ብቻ ብዙ ናቸው፤ የእኛውን ከሞክሼዎቹ የሚለየው አድራሻውና አብረውት በዚያ ቤት የተመዘገቡት ስሞች ናቸው። የሽማግሌው ቃል “ከእገሌ የተወለደ” ይለናል፣ መዝገቡ “በዚህ ቤት የኖረ” ይለናል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ሰውየው የሚለየው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የመራጮች መዝገብ ስሕተት የበዛበት ነው ይባላል፤ የሞተ ሰው ስም ሳይሰረዝ ይቆያል፣ ቤት የለወጠ ሰው በሁለት ቦታ ይገኛል፣ ስም በጆሮ እንደተሰማ ይጻፋል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ስሕተቱ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ከአሠራሩ የሚመነጭ ስለሆነ ሊገመት ይችላል። በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት ነዋሪነት የሚታየው በኦክቶበር ሲሆን መዝገቡ ሥራ ላይ የሚውለው በተከታዩ ፌብሩዋሪ ነበር። በኖቬምበር የሞተ ሰው በአዲሱ መዝገብ ሕያው ሆኖ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ አጥኚው መዝገቡ የታተመበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን ነዋሪነቱ የተቆጠረበትን ቀን ይጻፍ። በሁለት ቦታ መገኘትም ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ በብሪታንያ እስከ 1948 ድረስ የንግድ ቤት ያለው ሰው በመኖሪያውም በንግድ ቤቱም አካባቢ የመምረጥ መብት ነበረው። ሕጉን ያወቀ ሰው እንዲህ ካለው “ስሕተት” የአያቱን ሱቅ አድራሻ ያገኛል።

ይህ ጉዳይ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንንም ይመለከታል። በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያ ወይም በብሪታንያ ዜግነት ወስዶ በመራጭነት የተመዘገበ ኢትዮጵያዊ ስሙ እዚያው መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ችግሩ መዝገቡ የተሠራው የቤተሰብ መጠሪያ ላላቸው ሰዎች መሆኑ ነው። በእኛ ባህል ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ ልጅ የአባቱን ስም ሁለተኛ ስሙ ያደርጋል። በመጠሪያ ስም ቅደም ተከተል በተደረደረ መዝገብ ውስጥ ባል፣ ሚስትና ልጅ በሦስት ፊደል ሥር ይበተናሉ፤ የሚያገናኛቸው የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው። በውጭ የተወለደው ልጅ ደግሞ አንዳንዴ የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ የልጁ መጠሪያ ከአባቱ ጋር ቢገጥምም ከእናቱ ጋር አይገጥምም። በዚህ ላይ የላቲን ፊደሉ ይጨመራል፤ “ፀሐይ” የሚለው ስም ብቻ በብዙ መንገድ ይጻፋል። የእነዚህን ቤተሰቦች ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከስም ይልቅ በጎዳና የተደረደረ መዝገብ ይምረጥ።

በሕይወት ያሉ ሰዎች አድራሻ ለማንም መገለጡ አደጋ የለውም ወይ የሚል አድማጭ ትክክለኛ ጥያቄ አንሥቷል። ብሪታንያ ከ2002 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ዝርዝር ከሙሉው መዝገብ ለይታለች፤ ሙሉው ለተመራማሪ የሚከፈተው 10 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ይመስለኛል። የዘንድሮው ስማችን ለልጆቻችን ሲከፈት ግን በየትኛው አጻጻፍ እንደሚፈልጉት ማወቅ አለባቸው። በውጭ ያላችሁ አድማጮቻችን የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ስም በፊደላችን ጽፋችሁ፣ ከጎኑ በፓስፖርት፣ በዜግነት ወረቀትና በመራጭነት ምዝገባ ላይ የተጻፈበትን የላቲን አጻጻፍ ከነዓመቱ፣ ከነአድራሻው በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ከልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ጋርም አብራችሁ አስቀምጡት።